የኔታ መዝገቡ ማጀት ሲገቡ

የኔታ መዝገቡ ሽበት እስኪወርሳቸው ድረስ ሽንኩርት ከትፈው አያውቁም ነበር። ስንፍና አይደለም፤ የኖሩበት ሥርዓት ነው። በልጅነታቸው ከአምባሰል ወርደው ሐይቅ እስጢፋኖስ ለትምህርት ሲገቡ፣ እንደማንኛውም የቆሎ ተማሪ ምግባቸውን በየደጁ እየለመኑ ያገኙ ነበር። የተሰጣቸውን ቁራሽ በአኮፋዳ ይዘው ይመለሳሉ፣ ከጓደኞቻቸው ጋር አንድ ላይ ዘርግተው ይበላሉ፣ ወደ ትምህርታቸው ይሄዳሉ። ማብሰል የሚባል ነገር በዚያ ኑሮ ውስጥ ቦታ የለውም። ቀጥሎ ጋብቻ መጣ፤ ቀጥሎም በሐይቅ ከተማ በአንድ ደብር የዜማ መምህርነት። ካገቡ በኋላ ደግሞ ምግብ ከማጀት ወደ ዋናው ቤት ተሠርቶ ይመጣል። በማጀቱና በዋናው ቤት መካከል ያለችውን ጠባብ ግቢ የኔታ ለወጥ ብለው ተሻግረዋት አያውቁም።

ማጀቱ በግቢው ጥግ የቆመ፣ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት ነው። መስኮት የለውም። እዚያ ውስጥ ባለቤታቸው ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ አረቄ ሲያወጡ ኖሩ። ቤቱን የያዘው፣ ልጃቸውን ማህደርን ያስተማረው ያ አረቄ ነው።

አረቄ እንዴት እንደሚወጣ ማወቅ ለዚህ ታሪክ የግድ ያስፈልጋል፤ ማወቁ ራሱም ደስ ይላል። ድፍድፉ በትልቅ ማሰሮ እሳት ላይ ይጣዳል። በማሰሮው አፍ ላይ ክዳን ይደፋል፣ ከክዳኑ ሸምበቆ ይሰካል፣ ሸምበቆው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ሌላ ዕቃ ይወርዳል። ድፍድፉ ሲግል የሚነሣው እንፋሎት በሸምበቆው ተጉዞ ቀዝቃዛው ዕቃ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። አረቄ ማለት ያ ጠብታ ነው። እንግዲህ የዚህ ሥራ ትልቁ ጠላት ቀዳዳ ነው። በክዳኑና በማሰሮው መካከል ወይም በሸምበቆው ዙሪያ የመርፌ ዐይን የምታህል ክፍተት ካለች፣ እንፋሎቱ በዚያች ይሾልካል፤ የሾለከው ሁሉ የጠፋ አረቄ ነው። ስለዚህ ክፍተቱ ሁሉ በሊጥ ይመረጋል። ሊጡ በሙቀቱ ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፤ ሥራው ሲያልቅ በቢላዋ ጀርባ መታ መታ ተደርጎ ይፈለቀቃል። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በመምረግ የታወቁ ነበሩ። እሳቸው የመረጉት ማሰሮ አይተነፍስም ይባል ነበር።

ማሰሮው አይተነፍስም፤ እሳቱ ግን ይጨሳል። ባሕር ዛፉ፣ ኩበቱ፣ እርጥቡ ግንድ። ሳሉ ከጀመራቸው ቆይቷል፤ ትንፋሽ ማጠሩ ግን እየባሰ ሄዶ ከአልጋ እስከ በር መራመድ ሲያቅታቸው፣ የኔታ ደሴ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ወጣቱ ሐኪም የሳምባቸውን ፎቶ ወደ መብራቱ አንሥቶ ረጅም ጊዜ አየው።

"እማማ፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?"

"እኔ? ሲጋራ?" አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። ደንግጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

"የመምህር ሚስት ናት እኮ ልጄ!" አሉ የኔታ።

"እንግዲያው ማጀት ነው" አለ ሐኪሙ፤ ፎቶውን አስቀመጠው። "ይህ ሳምባ ብዙ ዓመት ጭስ ጠጥቷል። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረው ግን ካልተነካ ሊያኖርዎት ይችላል። ከዛሬ ጀምሮ ጭስ ያለበት ቤት አይገቡም። ከሰልም ቢሆን። አንዴ ብቻ ልግባ ማለት የለም። ያቺ አንዴ ትበቃለች።"

የኔታ ይህን ቃል እንደ ዜማ ምልክት በልባቸው ያዙት። የሐይቅ ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ይዘው ሲቀመጡ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

"ማጀቱን እዘጋዋለሁ።"

"ከዘጉት ምን ሊበሉ ነው?" አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ።

ጥያቄው ተገቢ ነበር። እንጀራው ቀላል ነው፤ አጥራቸውን የምትጋራው ጎረቤታቸው ሀጀራ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ስለምታስረክብ ከእሷ ይገዛል። ወጡ ግን በየቀኑ ትኩስ መሠራት አለበት። ያ ጠመዝማዛ ሽቦ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ተሞከረ። ሽቦው ቀልቶ ሽንኩርቱ ገና ሳይለሰልስ የቤቱ ፊውዝ ይወድቃል፤ ሲያነሡት እንደገና ይወድቃል። ሙቀቱ አብዛኛው ወደ ድስቱ ሳይሆን ወደ ጣሪያው ይሄዳል።

መፍትሔውን ያመጣችው ማህደር ናት። ብቸኛ ልጃቸው ናት፤ ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። በአንድ ቅዳሜ ካርቶን ታቅፋ ከሚኒባስ ወረደች። ከካርቶኑ የወጣው ዕቃ ከመለስተኛ ባልዲ አይበልጥም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ድስት ነው። የኔታ በሚያነቡበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከመጻሕፍቱ ጎን፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከተኙበት አልጋ ሆነው በሚያዩት ቦታ ተቀመጠ።

የዚህን ዕቃ አሠራር ቆም ብሎ ማየት ይገባል፤ ብልሃቱ ያስደንቃልና። ሐይቅ ከፍ ያለ አገር ነው። ከፍ ባለ አገር ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ቶሎ መፍላቱ ግን የሚያስመሰግነው አይደለም፤ ገና በደንብ ሳይግል ስለሚፈላ ነው። አንዴ ከፈላ በኋላ የቱንም ያህል እንጨት ቢጨመርለት ከዚያ በላይ አይግልም፤ የተጨመረው ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። የባቄላ ንፍሮ ደጋ ላይ ግማሽ ቀን እሳት ላይ የሚቆየው ለዚህ ነው። አሁን ድስቱን ጎማ ባለው ክዳን ጥብቅ አድርገን እንዝጋው። እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ይጠራቀማል፤ ተመልሶ ውሃውን ከላይ ይጫነዋል። የተጫኑት ውሃ እንደ ልቡ መፍላት አይችልም፤ ሳይፈላ ይበልጥ ይግላል፤ ባቄላውም ያለ ጊዜው ይለሰልሳል። የድስቱ ግድግዳ ድርብ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ውጭ አይበተንም። ግለቱ ሲበቃው ኤሌክትሪኩን ራሱ ይቆርጣል፣ ሲበርድ ራሱ ይመልሳል። ፊውዝ አይጥልም፣ ብዙ መብራት አይበላም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዲት ክር ጭስ አያወጣም።

ታዲያ እንፋሎቱ ከልኩ እንዳያልፍ ክዳኑ ላይ ሁለት ትንንሽ ነገሮች አሉ። አንደኛዋ መተንፈሻዋ ናት። የተረፈውን እንፋሎት ፍሽሽ እያለች ታስወጣለች፤ ምግቡ ሲደርስም በጣት ዞር ስትደረግ የቀረውን ሁሉ ትለቃለች። ሁለተኛዋ ከእሷ ጎን ያለች የእህል ፍሬ የምታህል ቀይ ፒን ናት። ውስጥ እንፋሎት ካለ ተገፍታ ብቅ ትላለች፤ ብቅ ስትል ክዳኑን ከውስጥ ትቆልፋለች። እንፋሎቱ ሲያልቅ ትወርዳለች፣ ክዳኑም ይከፈታል። ፒኗ ብቅ ብላ ሳለች ክዳኑ እንዲዞር አትፈቅድም።

"አባዬ፣ እነዚህን ሁለቱን አይንኳቸው፣ ምንም ነገር አይክደኑባቸው" አለች ማህደር። "ፒኗ ካልወረደች መክፈት የለም።"

"ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ለእናትሽ ንገሪያት እንጂ።"

"እናቴማ ከትፋ ሳትጨርስ ትንፋሿ ያልቃል። እርስዎ ነዎት የሚሠሩት።"

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ወደ በሩ አዩ፤ "በሩን ዝጊው" አሉ ለልጃቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወጥ በሚሠራበት ሰዓት የዚያ ቤት በር ይዘጋል። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሕመሙን ችለውታል፤ "ባሏን ወጥ አሠራችው" መባሉን ግን አይችሉትም። የኔታም ከተማሪዎቻቸው ፊት ቆመው ሽንኩርት ሽንኩርት መሽተቱን ስለማይወዱ በነገሩ ተስማሙ።

ትምህርቱ ከአልጋ ወደ ጠረጴዛ ይተላለፋል።

"ሽንኩርቱን ምን ያህል ላድቀው?"

"የምስሩን ያህል።"

"የምስሩን ያህል? አንቺ፣ ይሄ መክተፍ ሳይሆን ጽሕፈት ነው!"

"ልጆቹ ዜማው ከበደን ሲሉዎት ምን ይሏቸዋል?"

"እነሱ ዐይናቸውን አያቃጥላቸውም።"

የመጀመሪያው ምስር ቀርቦ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በእንጀራ ጠቀስ አድርገው ቀመሱ። "ምስሩን ሐይቁ ውስጥ ከተውት ነው የመጡት?" አሉ። ውሃው በዝቶ ነበር። ሁለተኛው አረረ። በሦስተኛው ግን አንዲት ቃል ሳይናገሩ ጨርሰው በሉ፤ የኔታም ምስጋናው ያ ዝምታ መሆኑ ገባቸው።

የኔታ አንድን ነገር ከያዙ ሥርዓት ያወጡለታል። የድስቱ ሰዓት መቁጠሪያ በማያውቁት ፊደል ስለተጻፈ፣ በራሳቸው መንገድ ለኩት። ምስር የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እስኪደግሙ ይበስላል። ድንች ከዚያ ያነሰ ይበቃዋል። ክክ ውዳሴውንና አንቀጸ ብርሃኑን አንድ ላይ ይፈልጋል። ባቄላ የሚባለው ግትር እህል ደግሞ፣ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ካላደረ፣ ከዳዊት ብዙ መዝሙር ያስደግማል። ውሃው ከእህሉ በላይ እስከ ጣት መጀመሪያ አንጓ መድረስ አለበት። ከድስቱ ወገብ በላይ መሙላት ክልክል ነው፤ አተር ሲፈላ አረፋው ወደ መተንፈሻዋ ይወጣልና። ይህን ሁሉ እያዩ፣ እየሳቱ፣ እያስተካከሉ ደረሱበት፤ አንዳንድ ቀን ከመምህርነታቸው ይልቅ በዚህ ይደሰቱ ነበር።

ምስጢሩ ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሀጀራ የእንጀራ ሰፌዷን ይዛ በሩን አንኳኳች።

"የኔታ! እትዬ ማንጠግቦሽ! ቤታችሁ እባብ ገብቷል!"

"የምን እባብ?" አሉ የኔታ ከውስጥ፤ እጃቸው ሽንኩርት ነው።

"ወላሂ እሰማዋለሁ፣ ፍሽሽ ይላል! ሀሚዱን ዱላ አስይዤ ላምጣው?" ሀሚዱ ባሏ ነው።

"አትጥሪው፤ አትጥሪው!" አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። ሳል አቋረጣቸው። በሩ ከመከፈት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሀጀራ ድስቱን አየች፣ የከተፉትን ሽንኩርት አየች፣ የኔታ ወገብ ላይ የታሰረውን የወይዘሮ ማንጠግቦሽን ሽርጥ አየች።

"ሱብሃነላህ" አለች በቀስታ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ በግድግዳው ተደግፋ ሳቀች። "የኔታ፣ የአላህ ያለህ! ሀሚዱን ተማሪ አድርገው ይቀበሉልኝ! አንድ ወር ብቻ!"

"ሀጀራ፣ ይሄ ከዚህ ቤት ቢወጣ እኔና አንቺ ተጣላን" አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ።

"እኔ ምን አየሁ? ምንም አላየሁም። እባቡንም አላየሁት" አለች ሀጀራ፤ እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች።

ቃሏንም ጠበቀች። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ያ ፍሽታ በጆሯቸው ገባ። ሀጀራ ከሰማችው ሌላውም ይሰማዋል ማለት ነው። በአጥሩ ጀርባ ሰው በሚያልፍ ቁጥር ዐይናቸው ወደ መተንፈሻዋ ይሄዳል።

ጭሱ ከቀረ ወዲህ ጤናቸው እየተሻለ ነበር። ከአልጋ ወርደው እስከ ግቢው በር ሄዱ፤ ሌላ ቀን በር ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ ሞቁ፤ አንድ እሑድም በየኔታ ክንድ ተደግፈው እስከ አስፋልቱ ወርደው ወደ ወልድያ የሚያልፉትን መኪኖች አዩ። የኔታ ማጀቱን በቁልፍ ሊዘጉትና የቀረውን እንጨት ለሀጀራ ሊሰጡት ፈልገው ነበር። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ እንቢ አሉ፤ "እንግዳ ቢበዛ፣ መብራት ቢጠፋስ? ይቀመጥ።" ማህደር በመጣች ጊዜ ታነድደዋለች ተብሎ እንጨቱ ተቀመጠ።

የዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። በአጥሩ ወዲህም ወዲያም ጾም ሆነ። የኔታ ቅዳሴ የሚወጡት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ወጡን ማልደው ሠርተው ይሄዳሉ፤ ድስቱ ሙቀቱን ይዞ ይቆያቸዋል። ነዝናዛው ፍሽታ አሁን በማለዳው ጸጥታ ሙሉ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ መሰለ።

"ደግሞ ሽታው" አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አንድ ማለዳ። "ይሸትዎታል? ጣዕሙ በዚያች ቀዳዳ እየወጣ ነው። ያ ሁሉ እንፋሎት ሲሄድ እኔ ተኝቼ አያለሁ።"

"የተረፈው ነው የሚወጣው አለች እኮ ማህደር።"

"ማህደር አረቄ አውጥታ ታውቃለች? እንፋሎት ትርፍ የለውም። ትንሽ ሊጥ ያድርጉበትና ዝም ይበል።"

የኔታ አመነቱ። ነገር ግን ስለ ማሰሮ፣ ስለ እንፋሎት፣ ስለ መምረግ በዚያ ቤት ውስጥ ሊቁ ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ሚስታቸውን በዚህ መከራከር ተማሪ መምህሩን እንደማረም ሆኖ ታያቸው። በመጀመሪያው ቀን ሊጡን በክዳኑ ጠርዝ ዙሪያ ብቻ አደረጉት። በጠርዙ የሚወጣ እንፋሎት ስለሌለ ሊጡ ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም። ምንም አለመሆኑ ግን አደፋፈራቸው። በማግስቱ ጠርዙን ደግመው መረጉ፤ ሊጡን ጠፍጥፈውም መተንፈሻዋ ላይ ለጠፉት፤ ከእሷ ጎን ያለችው ቀይዋ ፒንም አብራ ተሸፈነች። ድስቱ ዝም አለ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ረክተው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

እዚህ ላይ የሆነውን በዝግታ ማየት ያስፈልጋል። ማሰሮ ሲመረግ ለእንፋሎቱ ሌላ መንገድ ቀርቶለታል፤ ሸምበቆው አለ። ይህ ድስት ሸምበቆ የለውም፤ ሸምበቆው ያቺው መተንፈሻ ናት። ስትመረግ እንፋሎቱ ውስጥ ቀረ። ቢሆንም ድስቱ ብልህ ነው፤ ግለቱ ሲበዛ ኤሌክትሪኩን ቆረጠ። እስከዚህ ድረስ ቢተዉት ኖሮ ቀዝቅዞ በሰላም ይከፈት ነበር። ዋናው ችግር ፒኗ ነበረች። ሊጡ ስለተጫናት ብቅ ማለት አልቻለችም፤ ብቅ ካላለች ደግሞ ክዳኑን አልቆለፈችም። ስለዚህ ድስቱ ውስጡ ሙሉ ኃይል ይዞ፣ በሩ ግን ሳይቆለፍ ተቀምጧል።

የኔታ ውዳሴያቸውን ጨርሰው መተንፈሻዋን በሊጡ ላይ ዞር አደረጓት። ድምፅ የለም። ድምፅ ከሌለ እንፋሎት የለም ብለው አሰቡ። ክዳኑን ሲያዞሩት፣ እንፋሎቱ ከውስጥ ገፍቶ ስላጠበቀው፣ አልንቀሳቀስ አለ።

"ሊጡ ይዞት ነው" አሉ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከአልጋቸው። "በቢላዋ ጀርባ መታ መታ ያድርጉት። እኔም እንዲያ ነበር የማደርገው።"

መቱት። ሁለቱን እጃቸውን ክዳኑ ላይ ጭነው በሙሉ ጉልበታቸው አዞሩት።

ምስሩ እስከ ጣሪያው ወጣ። ፊታቸውን ያተረፈው ወደ ሚስታቸው ዞረው ስለነበር ነው። ሁለቱ እጆቻቸው ግን ከጣት እስከ ክርን ተላጡ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሊጮኹ አፋቸውን ከፈቱ፤ ትንፋሽ ግን አልነበራቸውም። የጮኸችው ሮጣ የገባችው ሀጀራ ናት።

የኔታ ከጤና ጣቢያ እጆቻቸው ተጠቅልለው ወጡ። ክዳኑ ጎብጧል፣ ጎማው ተበጥሷል። ማህደር መጥታ አለቀሰች፣ ተቆጣች፤ አዲስ ድስት ይዤ በሚመጣው ሳምንት እመለሳለሁ ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። "እስከዚያ እኔ አለሁ" አለች ሀጀራ። "እኔ እያለሁ እሳት የሚባል ነገር አታስቡ።"

ሀጀራም አላጎደለችም። ችግሩ ሰዓቱ ነበር። የረመዳን ቤት ምድጃው የሚነድደው ወደ ማፍጠሪያው ላይ ነው፤ ሀጀራ ለቤቷ ስትሠራ የእነሱንም አብራ ሠርታ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በአጥሩ ታቀብላለች። የኔታ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምሱ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ በታሰሩት እጆቻቸው መካከል ደረቅ እንጀራ ይዘው ይቀመጣሉ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ይህን አዩ። ደግመውም አዩ።

"እኔ ነኝ ይምረጉት ያልኩዎት።"

"ተይው።"

"ሕፃን እንኳ የሚሰማውን ማህደር ነግራዎት ነበር። እኔ ነኝ።"

"ተይው አልኩሽ እኮ ማንጠግቦሽ። እጅ ይድናል።"

በማግስቱ የኔታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ቀኑ ጠራራ ነበር። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ቀስ ብለው ተነሡ። ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ማጀቱ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ሄዱ። የክክ ዕቃውን፣ ሽንኩርቱን፣ ቢላዋውን በነጠላቸው ቋጥረዋል። እሳት ሲያነዱ ሀጀራ አይታ እንዳትከለክላቸው የማጀቱን በር ከውስጥ ገፍተው ዘጉት። ያ ቤት መስኮት የለውም። ለብዙ ወራት የተቀመጠው ባሕር ዛፍ በክረምት የጣሪያው ፍሳሽ አርሶት ነበርና ከመንደዱ በፊት ረጅም ጊዜ ጨሰ።

ሀጀራ ያየችው ከቆርቆሮው ሥር የሚወጣውን ጭስ ነው። በመጀመሪያ ማህደር መጥታለች ብላ አሰበች። ከዚያ ጥርጣሬ ገባት። "እትዬ ማንጠግቦሽ!" ብላ ተጣራች። መልስ የለም። አጥሩን ዘልላ በሩን በትከሻዋ ስትገፋው፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ምድጃው አጠገብ ጉልበታቸው ላይ ተደፍተው አገኘቻቸው። ድስቱ እሳቱ ላይ ተጥዷል፤ ክኩ በስሏል።

የኔታ ሲመለሱ ባጃጅ በር ላይ ቆሟል። ሀሚዱ ሚስታቸውን ተሸክሞ ባጃጁ ውስጥ ሲያስገባ ደረሱ። ምን ሆነ ብለው አልጠየቁም፤ ጭሱ ይሸታቸዋል። በታሰሩት እጆቻቸው ሊይዟቸው ቢሞክሩ መያዝ አልቻሉም፤ ሀጀራ ከኋላ ገብታ ሚስታቸውን ደገፈች።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ከጤና ጣቢያው በአምቡላንስ ደሴ ተላኩ። ሁለት ቀን በኦክስጅን ቆዩ። የኔታ ከአልጋው ጎን ካለችው ወንበር አልተነሡም። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዐይናቸውን ገልጠው ጭምብሉን በጣታቸው ፈቀቅ አደረጉ።

"በሉት?"

የኔታ አልገባቸውም ነበር፤ ከዚያ ገባቸው። ያን ወጥ አልቀመሱትም፤ አላዩትምም። ከቤት የወጡት በባጃጁ ነው።

"በላሁት" አሉ።

"ጨውስ?"

"ልክ ነው። እንደ ወትሮሽ ነው።"

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ባላቸውን ትክ ብለው አዩ። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ የመሰለ ነገር መጣ።

"የኔታ" አሉ፤ ቃል በቃል፣ በመካከሉ እየተነፈሱ። "ጨው… ሳልጨምር… ነው የወደቅኩት።"

የኔታ አንገታቸውን ደፉ። "ይቅር በይኝ" አሉ።

"ሲመለሱ… ጨምረውበት… ይብሉት። ትንሽ ብቻ… እጅዎ ከባድ ነው።"

ነርሷ መጥታ ጭምብሉን መለሰችና አያናግሯቸው አለች። ማታውን ማህደር ደረሰች። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሳይነጋ ዐረፉ።

ቀብሩ ሐይቅ ሆነ። የኔታ ፍትሐቱን ከካህናቱ ጋር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዜሙ፤ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ሰው ሁሉ "ጸኑ" አለ። ከቀብር ሲመለሱ ድንኳኑ ግቢው ላይ ተጥሏል፤ ለቀስተኛው መቀመጥ ሲጀምር የኔታ በድንኳኑ ጀርባ ዞረው ወደ ማጀቱ ገቡ። ሀጀራ ከሌሎች ሴቶች ጋር ዕቃ ታጥብ ነበር። አመዱ ተጠርጓል።

"ሀጀራ፣ ያ ድስት የታለ?"

"የቱ ድስት የኔታ?"

"ክኩ ያለበት።"

ሀጀራ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "ኮምጥጦ ነበር እኮ የኔታ። ዛሬ ጠዋት ደፋሁት። ድስቱን አጥቤዋለሁ፤ ያው እዚያ ተደፍቷል።"

"የት ደፋሽው?"

"ከጓሮ። የኔታ፣ ምነው? አጠፋሁ እንዴ?"

"የለም፣ አላጠፋሽም" አሉ። ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው የታሰሩትን እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሀጀራ ሌሎቹን ሴቶች በዐይኗ ጠቅሳ አስወጣቻቸው። እሷም ወጥታ በሩን ልትዘጋው ጀምራ፣ ምን እንዳሰበች አይታወቅም፣ ወለል አድርጋ ከፍታ ተወችው።